በኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር

የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚቀርብበት ሰሞን በየዶርሙና በየላብራቶሪው ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል!» የሚለው ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች ዓመት ሙሉ የደከሙበት ፕሮግራም በአንደኛው ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ሲሄድ፣ በሁለተኛው ላይ ገና ሲከፈት ይወድቃል፤ በፈታኞቹ ፊት በተዘረጋው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ጭራሹን አይነሣም። ፈታኝ የሚያየው በፊቱ የወደቀውን እንጂ ትናንት ማታ በዶርም የሠራውን አይደለም። የብዙ ወር ድካም በዚህ ምክንያት በዝቅተኛ ማርክ ሲታለፍ ማየት ያሳዝናል፤ ይልቁንም በሽታው የታወቀ፣ መድኃኒቱም በነፃ የሚገኝ ስለ ሆነ።

ለመሆኑ ያው አንድ ፕሮግራም በአንዱ ቤት ሠርቶ በሌላው የማይሠራው ስለ ምንድን ነው? አብዛኞቻችን ፕሮግራም የምንጽፈው በዊንዶውስ ላይ ነው። ሥራው አልቆ የሚቀመጥበት ሰርቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። የሁለቱ ጠባይ የሚለያየው በትልልቁ ነገር ብቻ ሳይሆን ማንም ልብ በማይለው በጥቃቅኑ ጭምር ነው። ዊንዶውስ የፋይልን ስም ሲፈልግ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ ተማሪው ፋይሉን በትልቅ ፊደል ሰይሞ በፕሮግራሙ ውስጥ በትንሽ ፊደል ቢጠራው በቤቱ ይሠራለታል፤ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይባላል። (ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር በሌለው በግዕዝ ፊደል ላደገ ሰው ይህ ጣጣ ሳያስቀው አይቀርም።) ሁለተኛም ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያኖራል፤ ሊኑክስ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በዊንዶውስ የተጻፈ የትእዛዝ ፋይል ወደ ሊኑክስ ሲዛወር፣ ያች ትርፍ ምልክት ከትእዛዙ ጋር ተጣብቃ ትነበብና ሥራው ሁሉ ይቆማል። ፋይሉ በዓይን ሲታይ ምንም ጉድለት ስለሌለበት ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ሊያድር ይችላል።

የሰዓቱ ነገር ከሁሉም የባሰ ነው። ላፕቶፓችን የሚቈጥረው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ሰርቨሮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚቈጥሩት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ አንድ ደንበኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢመዘገብ፣ ሰርቨሩ ገና እኩለ ሌሊት ስላልሆነለት ቀኑን የትናንት አድርጎ ይመዘግበዋል። ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ ስሕተት የሚል ጽሑፍም አላወጣም፤ ነገር ግን የሚናገረው ሐሰት ነው።

ይህን ሁሉ በሥራው መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ የሚቻለው ፕሮግራሙን ከሰርቨሩ ጋር በሚመሳሰል ኮምፒዩተር ላይ እየሠሩ ሲሄዱ ነው። ሁለተኛ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ተማሪ ግን በመካከላችን ስንት ነው? ላፕቶፑን አጥፍቶ ሊኑክስ ብቻ መጫንም ለሁሉ አይሆንም፤ የቤተሰብ ኮምፒዩተር የሆነ አለ፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የትምህርት ሶፍትዌር ያለበትም አለ። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በቀላል ለመረዳት በአንድ ግቢ ውስጥ ያለን ሰርቪስ ቤት ማሰብ ይበቃል። የግቢው ባለቤት በትልቁ ቤት ይኖራል፤ ተከራዩም በሰርቪሱ ውስጥ የራሱን ኑሮ ይኖራል። ውሃውም መብራቱም የሚመጣው ከባለቤቱ መስመር ነው፤ ሆኖም ተከራዩ በሩን ዘግቶ በውስጥ የፈለገውን ቢያደርግ ትልቁን ቤት አይነካም። ቨርቹዋል ማሽንም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ዊንዶውስ ነው፤ ተከራዩ ወይም እንግዳው ሊኑክስ ነው፤ በመካከላቸው ቆሞ ይህን ያህል ሜሞሪ፣ ይህን ያህል ዲስክ ብሎ የሚሰፍረው ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ነው። እንግዳው ሲስተም ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ይመስለዋል። የእርሱ «ሃርድ ዲስክ» ግን በባለቤቱ ዘንድ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። ምሳሌው የሚፈርሰው በዚህ ላይ ነው፦ ሰርቪስ ቤትን ነቅሎ ወደ ጓደኛ ግቢ መውሰድ አይቻልም፤ ይህን ፋይል ግን ገልብጦ መውሰድ ይቻላል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የሚገኘው የአይቢኤም የኬምብሪጅ ሳይንስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 ሲፒ 40 በተባለው ሥራ ላይ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽኖች ድረስ ከፋፍሎ ማሠራት ቻለ። ምክንያቱም እንደ ዛሬው የእኛ ነበር፦ ኮምፒዩተሩ ውድ፣ ተጠቃሚው ብዙ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኩባንያው ቪኤም 370 በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ከሁለት ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ጀራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሊቃውንት አንድ ፕሮሰሰር ለዚህ ሥራ ምቹ የሚሆነው ምን ሲያሟላ እንደ ሆነ በሒሳብ አሳዩ። አሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ እንግዳው ሲስተም የኮምፒዩተሩን ሥልጣን የሚነካ ትእዛዝ በሰጠ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን አግቶ ለሃይፐርቫይዘሩ ማስታወቅ አለበት። በላፕቶፖቻችን ውስጥ ያለው የኢንቴል ዘር ፕሮሰሰር ግን ለብዙ ዘመን ይህን አያሟላም ነበር። አንዳንዶቹ ትእዛዞች ሥልጣን በሌለው ሲሰጡ ፕሮሰሰሩ ሳያስታውቅ ዝም ብሎ ያልፋቸው ስለ ነበር፣ ሃይፐርቫይዘሩ እንግዳው ምን እንደ ፈለገ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ችግሩን በሶፍትዌር ዘዴ፣ አደገኞቹን ትእዛዞች በሥራ ላይ እያሉ በሌላ እየተረጐመ ፈታው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲም በ2006 መፍትሔውን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱ አኖሩት። ይህን ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ፊት እንደምናየው ብዙ ተማሪ መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህችው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ የምወስደው ቨርቹዋል ቦክስ የተባለውን ሃይፐርቫይዘርና ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ነው። ቨርቹዋል ቦክስን የጀመረው ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 ለሰን፣ በ2010 ደግሞ ለኦራክል ተላልፏል። ዋናው ክፍል በነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰጥ ስለ ሆነ «ክራክ» የሚባለውን መፈለግ አያስፈልግም፤ ክራክ ፍለጋ በየፍላሹ የሚዞረውን ቫይረስ ከመጋበዝ አይለይም።

በቅድሚያ ፕሮሰሰሩ ፈቃድ ማግኘቱን ማየት ይገባል። በዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የፕሮሰሰሩን ገጽ ቢመለከቱ «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር አለ። ተከፍቷል የሚል ከሆነ መልካም ነው። ተዘግቷል የሚል ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ሲያበሩ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 ወይም የመሰረዣውን ቁልፍ በመጫን (እንደ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ይለያያል) ባዮስ ወደሚባለው ገብቶ መክፈት ነው። በኢንቴል ቪቲ፣ በኤኤምዲ ኤስቪኤም በሚል ስም ይገኛል። ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ይህን ዘግተው ስለሚመጡ፣ ተማሪው «የእኔ ኮምፒዩተር አይችልም» ብሎ ተስፋ የሚቈርጠው ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሊኑክሱን ማግኘት ነው። ዴቢያን በሁለት መልክ ይወርዳል። ትንሹ ከ1 ጊጋባይት በታች ሲሆን የቀረውን በሚጫንበት ጊዜ ከኢንተርኔት ይስባል፤ ትልቁ የዲቪዲ ፋይል ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይጫናል። የእኔ ምክር ትልቁን በቡድን አንድ ጊዜ አውርዶ መቀባበል ነው። አምስት ሰው ትንሹን ለየብቻው አውርዶ የቀረውን ደግሞ ለየብቻው በሞባይል ዳታ ቢስብ፣ የካርዱ ወጪ ከአንድ ሳምንት ምሳ ሊበልጥ ይችላል። ሲቀባበሉ ግን ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ፍላሾች የሚመጡት ፋት 32 በተባለው አደረጃጀት ነው፤ ይህም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚል የሚመስለው ለዚህ ነው። ፍላሹን ኤክስፋት በተባለው መልክ ፎርማት ማድረግ መፍትሔው ነው፤ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማሰብ ነው እንጂ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱንና ማንም አለመነካካቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዴቢያን ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ሻ 256 የተባለ የ64 ፊደላትና አኃዞች ማኅተም ያወጣል። በዊንዶውስ ላይ ያለው ፓወርሼል የራሳችንን ፋይል ማኅተም አስልቶ ይሰጠናል፤ ሁለቱ በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለያዩ ፋይሉን መጣል ነው። ማኅተሙን የምናነበው ግን ከዴቢያን ከራሱ ገጽ እንጂ ፋይሉን ከሰጠን ፍላሽ ላይ መሆን የለበትም። ሌባ የሰጠውን ቁልፍ በሌባው ምስክርነት መቀበል ይሆናልና።

ማሽኑን ስንፈጥር ምን ያህል እንስጠው? 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ 2 ጊጋባይት መስጠት በቂ ነው፤ ዊንዶውስና ብራውዘሩ የቀረውን ያለ ችግር ይጨርሱታል። 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው 1 ጊጋባይት ይስጥና እንግዳውን ያለ ዴስክቶፕ፣ ማለት ያለ መስኮትና ያለ ስዕል፣ በትእዛዝ ጽሑፍ ብቻ ይጫነው። ባለ 8 ጊጋባይቱም ቢሆን እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ እውነተኛው ሰርቨር ዴስክቶፕ የለውምና። ከፕሮሰሰሩ ኮሮች ከግማሽ በላይ መስጠት አይገባም። ዲስኩን 20 ጊጋባይት አድርጎ «እያደገ የሚሄድ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ያኔ ፋይሉ በዲስካችን ላይ የሚይዘው በውስጡ የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ያደገ ፋይል በውስጡ ያለው ቢሰረዝም በራሱ ተመልሶ አያንስም።

በሚጫንበት ጊዜ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱ ብቻ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ዴስክቶፕ የሚሉትን ሁሉ ትቶ ኤስኤስኤች ሰርቨር የሚለውን መምረጥ አንዱ ነው። ሌላው የሰዓቱ ክልል ነው። ብዙ ሰው አዲስ አበባን ይመርጣል፤ እኔ ግን ዩቲሲ ይሻላል እላለሁ። ስሕተቱን ገና በዶርም እያለን እንድናገኘው የምንፈልግ ከሆነ ማሽኑ የሰርቨሩን ጠባይ መያዝ አለበት። ጊዜውን በዳታቤዝ ውስጥ በዩቲሲ አስቀምጦ፣ ለሰው ሲታይ ሦስት ሰዓት መጨመር ነው። በእኛ አቈጣጠር ለሚያነብ ተጠቃሚ ደግሞ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ማስላት ሌላ ሥራ ነው፤ እርሱም በማሳያው ላይ እንጂ በዳታቤዙ ውስጥ መሆን የለበትም።

ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ይመጣል። ቨርቹዋል ቦክስ ሳይነኩት ናት የሚባለውን ዘዴ ይመርጣል፤ እንግዳውም 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ያገኛል። በዚህ ዘዴ እንግዳው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከውጭ ግን ማንም ወደ እርሱ አይገባም፤ ባለቤቱ እንኳ። ስለዚህ በር መክፈት ያስፈልጋል፦ በባለቤቱ ላይ 2222 የተባለውን ፖርት በእንግዳው ላይ ወዳለው 22 ማዛወር። የባለቤቱን አድራሻ 127.0.0.1 ብሎ መወሰንንም አለመርሳት ነው፤ ባዶ ከተተወ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው በሩን ሊያንኳኳ ይችላልና። «ብሪጅ» የሚባለው ሌላ ዘዴ አለ፤ እንግዳውን በግቢው ኔትወርክ ላይ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ያቆመዋል። በዋይፋይ ላይ ብዙ ጊዜ አልሠራ ይላል፤ ሲሠራም ማሽኑን ለግቢው ሁሉ ያጋልጣል። ለተማሪ ሥራ ናት ይበቃል።

ኮዱ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣል። ከዊንዶውስ ፎልደር ላይ በጋራ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ላለው ሥራ ግን ይዘገያል፤ ከሁሉም ይልቅ የፊደሉን መጠን የማይለየው የዊንዶውስ ጠባይ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። እንግዲያው የሸሸነውን በሽታ ይዘን መግባታችን ነው። ስለዚህ ኮዱን በእንግዳው ውስጥ አኑሮ፣ በዊንዶውስ ላይ ባለው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በኤስኤስኤች እየገቡ መጻፍ ይሻላል። ለቡድኑም መገናኛው ጊት ይሁን።

ማሽኑ ከቆመ በኋላ ትልቁ ጥቅም ስናፕሾት የሚባለው ነው። አዲስ ዳታቤዝ ከመጫን ወይም አደገኛ ለውጥ ከማድረግ በፊት የማሽኑን ሁኔታ መያዝና፣ ነገሩ ቢበላሽ በደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ሳይፈሩ መሞከር የሚቻልበት ቦታ ማግኘት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስናፕሾት መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ልዩነቱን ብቻ መዝግቦ በዚያው ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ሲከማችም ዲስኩን ይሞላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ይዞ የቀረውን መሰረዝ ነው። ስረዛው ፋይሎቹን የማዋሐድ ሥራ ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ወይም ባትሪው ባለቀ ላፕቶፕ ላይ አይጀመርም።

ማሽኑ ያለ ልክ ቢዘገይና በቨርቹዋል ቦክስ መስኮት ግርጌ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ብትታይ ማንም አይደነቅ። ሠሪዎቹ ቀልደኞች ናቸው፤ ትርጕሟ ግን ግልጽ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ሃይፐርቫይዘር፣ ሃይፐር ቪ የተባለውን፣ አስነሥቶ የፕሮሰሰሩን ዕድል አስቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ሃይፐር ቪን ማጥፋት ይቻላል፤ ወይም ነገሩን ገልብጦ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚሰጠውንና በዚያው ላይ የሚሠራውን የዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ መጠቀም ይቻላል። እርሱ ቀለል ያለ ነው፤ ለብቻው ለሚሠራ ሰው አልጠላውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከርም የራሱ ወዳጆች አሉት፤ ይሁን እንጂ በዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ከሥሩ ያው ሊኑክስ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ስላለ፣ ከታች ያለውን ሳያውቁ ከላይ ያለውን መማር ይከብዳል። ከ2020 ወዲህ የወጡት የአፕል ኤም ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች ግን የሌላ ዘር ስለ ሆኑ፣ የዴቢያንን አርም የተባለውን ዓይነት ይፈልጋሉ፤ ለኢንቴል ከተሠራ የጓደኛ ማሽን ጋር መለዋወጥ አይችሉም።

የተጠናቀቀውን ማሽን ቨርቹዋል ቦክስ ኦቪኤ በሚባል አንድ ፋይል ያወጣዋል፤ ያን ለአምስቱ የቡድን አባላት ማደል ይቻላል። ከመታደሉ በፊት የግል ቁልፎችና የይለፍ ቃሎች ይወገዱ። የአንድ ማሽን ቅጂዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የኤስኤስኤች መለያ ስለሚይዙ፣ ያን ቅጂ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ሰርቨር አድርጎ ማቆም ፈጽሞ አይገባም። ከማሽኑም ይልቅ የሚበልጠው የተጫነበት ቅደም ተከተል ነው፤ የሰጠነውን ትእዛዝ ሁሉ በአንድ የትእዛዝ ፋይል ጽፎ ከኮዱ ጋር በጊት ማኖር፣ ማሽኑ ቢጠፋ በግማሽ ቀን እንደ ገና ለመሥራት ያስችላል።

ይህ ሁሉ ላፕቶፕ ላለው ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ግን በላብራቶሪ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ በአንዳንዱም ላብራቶሪ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር የተጫነው ሁሉ ይደመሰሳል። ለዚህ ተማሪ ቨርቹዋል ማሽን ቅንጦት ሳይሆን ብቸኛው መንገድ ነው፤ ማሽኑን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሮ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሥራውን ካቆመበት ሊቀጥል ይችላልና። ይህ እንዲሆን ኅብረታችን ከላብራቶሪ ኃላፊዎች ጋር ሊነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ በባዮስ ውስጥ ያለው ፈቃድ ይከፈት፣ ቨርቹዋል ቦክስ በሁሉም ላይ ይጫን፣ የዴቢያኑ ፋይል ከነማኅተሙ በግቢው ኔትወርክ ላይ ይቀመጥ። ኃላፊዎቹ «ተማሪ የፈለገውን ሲስተም ካስነሣ ኔትወርኩን ይበጠብጣል» ይሉ ይሆናል፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ብሪጅ የሚባለው ዘዴ እንዳይሠራ አድርጎ ናትን ብቻ መተው ይቻላል፤ ዛሬ ተማሪው ያገኘውን ሁሉ በቀጥታ በላብራቶሪው ዊንዶውስ ላይ ከሚጭን በተከለለ ክፍል ውስጥ ቢጭነው ለእነርሱም ይቀላል። የሜሞሪው ማነስ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ 4 ጊጋባይት ባላቸው ላይ ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን በ1 ጊጋባይት ብቻ እንዲነሣ መወሰን ያስፈልጋል። አንድ ክፍል ላብራቶሪ በዚህ መንገድ ለማዘጋጀት ባዮሱን የሚከፍቱ ሁለት ሰዎችና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ።